ስለ ትግል መጻሕፍት አመራረጥ

ትግል በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በላይ ጋይንትና በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ መስክ ከብት ሲጠብቅ ያደገ ሰው፣ ከብቱ ጠግቦ ባረፈበት ሰዓት ከጓደኛው ጋራ ተያይዞ ያልጣለበት ወይም ያልወደቀበት ቀን ጥቂት ነው። በዚህ በቈየው ጨዋታ ድል የሚለየው ጀርባ መሬት ሲነካ ነው። ያን ጊዜ የጣለው ይለቃል፤ የወደቀውም ልብሱን አራግፎ ይነሣል፤ ዙሪያውን የቆሙትም ልጆች ፍርዱን ይሰጣሉ። ይኸው ትግል ዛሬ ከባህል ስፖርቶች አንዱ ሆኖ፣ እንደ ገና ጨዋታ፣ እንደ ገበጣና እንደ ፈረስ ጉግስ ሁሉ ደንብ ወጥቶለት በአገር አቀፍ ውድድር ይታያል።

በዘመናችን ደግሞ ከሩቅ ምሥራቅ የመነጨ፣ ጂዩ ጂትሱ የሚባል ሌላ የትግል ዐይነት በስልክ መስኮት እየታየ ወደ ገጠራችን ደርሷል። ወጣቶች ያዩትን መሞከር ይወዳሉ፤ ከእነርሱም ትጉሆቹ ጥበቡን የሚያስተምር መጽሐፍ ይፈልጋሉ። ልጁ «እንዲህ ያለ መጽሐፍ ይገዛልኝ» ብሎ የጠየቀው አባት፣ ወይም ውጭ አገር ላለ ዘመዷ «ላክልን» ብላ ልትጽፍ የተነሣች እናት፣ ምን ብለው ይመልሱ? ነገሩን ሳይመረምሩ መከልከል ልጁን ወደ ስውር ሙከራ ይገፋዋል፤ ያገኙትን ሁሉ መግዛትም ገንዘብን ብቻ ሳይሆን አካልን ያስከፍላል። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን እንዲህ ያለ መጽሐፍ እንዴት እንደሚመረጥና እንዴት እንደሚነበብ ጥቂት ምክር ልናቀርብ ወደድን።

አስቀድመን ልናስተውለው የሚገባ አንድ ታላቅ ልዩነት አለ። የእኛ ትግል በሚያልቅበት ቦታ ጂዩ ጂትሱ ይጀምራል። በእኛ ዘንድ መውደቅ ፍጻሜ ነው፤ በዚያኛው ግን ሁለቱ ተጋጣሚዎች ከወደቁ በኋላ በመሬት ላይ እየተገለባበጡ አንዱ የሌላውን ክንድ ወይም እግር እስኪጠመዝዝ፣ ወይም አንገቱን አንቆ እስኪያስረክበው ድረስ ይቀጥላሉ። አባቶቻችን ባቈዩልን ጨዋታ «ከወደቀ በኋላ አይነካም» የሚል ያልተጻፈ ሕግ ስለ ነበረ፣ የእረኛ ልጅ የወደቀን ጓደኛ እንዴት እንደሚይዝና መቼ እንደሚለቅ አልተማረም። ጂዩ ጂትሱ ግን ለዚህ የራሱ ሕግ አለው። የተያዘው ሰው በእጁ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ መታ መታ ካደረገ፣ የያዘው ወዲያው መልቀቅ አለበት። ይህን ሕግ ሳያውቅ አያያዙን ብቻ ከሥዕል የቀዳ ልጅ፣ ስለቱን እንጂ ሰገባውን ያልተቀበለ ሰው ይመስላል።

ጉዳቱም ቀላል አይደለም። የአንገት ሁለት ጐን የደም ሥሮች በትክክል ከተጨመቁ ሰው በ10 ሰከንድ ያህል ጊዜ ራሱን ይስታል፤ እጅ ካልተነሣለትም ለሕይወቱ ያሠጋል። ክርንና ትከሻም ወደማይታጠፉበት አቅጣጫ ከተገፉ፣ ሕመሙ ሳይሰማ ጅማት ሊበጠስ ይችላል። በኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 32 እንደ ተጻፈው፣ ያዕቆብ ሌሊቱን ሁሉ ሲታገል አድሮ ሲነጋ በሹልዳው እያነከሰ ሄደ። አንዲት መገጣጠሚያ ከቦታዋ ብትናወጥ ብርቱውን ሰው እንደምታስነክስ ከዚያ ታሪክ ማስተዋል ይቻላል።

በጋይንት ደጋም ሆነ በስማዳ ቈላ፣ የአንድ ቤት ጕልበት ሞፈር በሚይዝ ክንድ ላይ ነው። በሐምሌ ክንዱ የተሰበረ ልጅ ለቤተ ሰቡ የአንድ ዓመት እህል ነው። ሆስፒታልም ከብዙ ቀበሌዎች ሩቅ ስለ ሆነ ሰው አስቀድሞ ወደ ወጌሻ ይሮጣል። ወጌሻ ብዙ ሰው የረዳ ባለሙያ መሆኑን አንክድም፤ ነገር ግን ለስብራት የሚታሰረው እንጨት ከልክ በላይ ሲጠብቅ ደም እንዳይዘዋወር አግዶ እጅን ወይም እግርን እስከ ማስቈረጥ እንደሚያደርስ የአገራችን ሐኪሞች ደጋግመው ያዩት ነገር ነው። ስለዚህ ከታሰረ በኋላ ጣቶቹ ቢቀዘቅዙ፣ ቢደነዝዙ ወይም ቢጠቍሩ፣ እስሩ ወዲያው ላልቶ ልጁ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። የመጽሐፍን ምርጫ እንደ ታላቅ ጉዳይ አድርገን የምንጽፈውም ስለዚሁ ነው።

እንግዲህ መጽሐፍ የአካልን ጥበብ ምን ያህል ሊያስተምር ይችላል? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ የጋይንት ሰው ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገውም። በጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ፣ ዙር አባም የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ናቸው። የቅዱስ ያሬድ ድጓ በብራና ተጽፎ ይገኛል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ ይኸውም በኤውሮጳውያን አቈጣጠር ከ1540 እስከ 1559 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በፊደላቱ ላይ የዜማ ምልክት እንዳበጁ በሊቃውንቱ ዘንድ የታወቀ ነው። ይዘት፣ ድፋት፣ ጭረትና ርክርክ የሚባሉት ምልክቶች ከፊደሉ ራስ ላይ ተቀምጠው ድምፅ የት እንደሚወጣና የት እንደሚወርድ ያሳስባሉ።

ነገር ግን ድጓውን ገዝቶ በቤቱ ተቀምጦ፣ ምልክቱን ብቻ እያየ መሪ ጌታ የሆነ ሰው ማን ነው? ተማሪው ከመምህሩ አፍ ይሰማል፣ ይቀበላል፣ ይሳሳታል፣ ይታረማል፤ ከዚያ በኋላ ምልክቱ የሰማውን ያስታውሰዋል። መጽሐፉ የሚያገለግለው አስቀድሞ የሰማውን ጆሮ ነው። መምህሩም ያለ መጽሐፉ አይቀመጥም፤ መጽሐፍ ባይኖር ዜማው በየሰው መርሳት ተሸርሽሮ ያልቅ ነበርና። መምህሩ ሕይወት ይሰጣል፤ መጽሐፉ ይጠብቃል። ትግልም እንዲሁ ነው፤ በጆሮ ፈንታ የሚሰማው ክንድና ወገብ ነው እንጂ ሥርዐቱ አይለወጥም።

ይህ ነገር በጃፓን የትግል ታሪክም ተፈትኖ የታየ ነው። ጂጎሮ ካኖ የሚባለው ሰው በወጣትነቱ በቶኪዮ ፉኩዳ ሀቺኖሱኬ ከተባለ መምህር ዘንድ ጂዩ ጂትሱ ሲማር፣ ፉኩሺማ የተባለ ኀይለኛ ጓደኛ ደጋግሞ ይጥለው ነበር። ካኖ አስቀድሞ ከሱሞ ታጋዮች ስልት ወስዶ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ከዚያ በኋላ ስለ ምዕራባውያን ትግል በተጻፈ መጽሐፍ ውስጥ ባላጋራን በትከሻ ተሸክሞ መጣልን አገኘ፤ በዚያም ፉኩሺማን ጣለው። ይህ አጣጣል እስከ ዛሬ በጁዶ ውስጥ ካታ ጉሩማ ተብሎ ይኖራል።

ካኖን ያ መጽሐፍ የረዳው መምህርም ተጋጣሚም ስለ ነበረው ነው፤ በየቀኑ ስለ ወደቀ፣ መጽሐፉን ሲገልጥ የሚፈልገውን ያውቅ ነበር። ደግሞም በ1879 ዓ.ም. በኤውሮጳውያን አቈጣጠር መምህሩ ፉኩዳ ሲሞት፣ የትምህርት ቤቱ የምስጢር ጥቅልሎች ለካኖ ተሰጡት። ጽሑፉ ሁሉ በእጁ ገባ ማለት ነው። እርሱ ግን «እንግዲህ ይበቃኛል» ብሎ አልተቀመጠም፤ ኢሶ የተባለ ሌላ መምህር ፈልጎ ሄደ፤ ከእርሱም በኋላ ኢኩቦ ከተባለ ሦስተኛ መምህር ዘንድ ተማረ። በ1882 ዓ.ም. ኮዶካን የተባለውን የጁዶ ትምህርት ቤት የመሠረተው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጥቅልሎቹን የወረሰው ሰው መምህር ከፈለገ፣ አንድ መጽሐፍ የገዛ ልጅማ እንዴት አይፈልግ?

ጥበቡ ከጃፓን ወደ ብራዚል የተሻገረውም በመጽሐፍ ሳይሆን በሰው ነው። የካኖ ትምህርት ቤት ልጅ የሆነው ሚትሱዮ ማኤዳ በ1914 ዓ.ም. ወደ ብራዚል ሄዶ በቤሌም ከተማ ተቀመጠ። በዚያም የግሬሲ ቤተ ሰብ ልጆች ጥበቡን ከማኤዳ ወገን ቀስመው፣ ዛሬ የብራዚል ጂዩ ጂትሱ የሚባለውን በመሬት ላይ የሚደረግ ትግል አሳደጉት። ቤሌም ማለት በፖርቱጋል ቋንቋ ቤተ ልሔም ማለት መሆኑ ለጋይንት ሰው ደስ የሚያሰኝ ነው። በዚያችም ቤተ ልሔም፣ በዚህችም ቤተ ልሔም ትምህርቱ የተላለፈው ፊት ለፊት ነው።

ይህን ካልን በኋላ ወደ መጽሐፉ ምርጫ እንመለስ። የመጀመሪያው መለኪያ የትምህርቱ ቅደም ተከተል ነው። መጽሐፉ ሲገለጥ በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ምን ያስተምራል? አወዳደቅን፣ ራስን መጠበቅንና ከሥር ማምለጥን የሚያስቀድም ከሆነ መልካም ነው። ማነቅንና መጠምዘዝን የሚያስቀድም ከሆነ ግን ለጀማሪ አይሆንም። ሳውሎ ሪቤሮ በ2008 ዓ.ም. በኤውሮጳውያን አቈጣጠር ያሳተመው «ጂዩ ጂትሱ ዩኒቨርሲቲ» የተባለው መጽሐፍ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ነጭ ቀበቶ ለታጠቀ ጀማሪ የሚያስተምረው ከጥቃት መትረፍን ብቻ ነው፤ ለሰማያዊ ማምለጥን፣ ለሐምራዊ ተኝቶ በእግር መከላከልን፣ ለቡናማ የባላጋራን እግር ማለፍን ያስተምራል፤ ማሸነፊያ የሆኑትን አያያዞች ግን እስከ ጥቁር ቀበቶ ድረስ ያዘገያቸዋል። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል እንደሚባለው፣ ከመጨረሻው ምዕራፍ የሚጀምር ልጅ የሚጐዳውን እንጂ የሚጠቅመውን አያገኝም።

ሁለተኛው መለኪያ ሥዕሉና ቃሉ ተደጋግፈው መገኘታቸው ነው። በግብፅ በቤኒ ሐሰን በሚገኘው በባቄት መቃብር ግድግዳ ላይ፣ 4,000 ዓመት ያህል ዕድሜ ያላቸው ከ200 የሚበልጡ ጥንድ ታጋዮች ተሥለው ይታያሉ። ሥዕሎቹ እጅግ ያማሩ ናቸው፤ ነገር ግን አንድም ቃል ስለማያስረዳቸው ከአንዱ አያያዝ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚታለፍ ተመልካቹ ይገምታል እንጂ አያውቅም። በዚያው በግብፅ በኦክሲሪንኮስ የተገኘ፣ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በሁለተኛው መቶ ዓመት ገደማ በግሪክ ቋንቋ የተጻፈ ቍራጭ ፓፒረስ ደግሞ ሥዕል የለውም። ለሁለት ታጋዮች በየተራ «አንተ እንዲህ አድርግ፤ አንተም እንዲህ መልስ» በሚል አኳኋን የተጻፈ ስለ ሆነ፣ መምህሩ ቆሞ ሲያዝዝ ያሰማል። ሁለቱ የተጋጠሙት ቈይቶ ነው፤ በ1539 ዓ.ም. ፋቢያን ፎን አወርስቫልድ የተባለ የሰክሶንያ ሽማግሌ ባሳተመው የትግል መጽሐፍ ከእያንዳንዱ ሥዕል ጋራ ማብራሪያው አብሮት ይሄዳል።

ዛሬም መጽሐፍ ሲመረጥ አንዱ አያያዝ በአንድ ሥዕል ብቻ ታይቶ እንደ ሆነ ይተዉት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአራት ወይም በአምስት ሥዕል የሚከተል፣ የእጅ ጣቶች የት እንደ ያዙና ክብደቱ በየትኛው እግር ላይ እንዳለ የሚያሳይ፣ የተሸፈነውንም ወገን በሌላ በኩል ዞሮ የሚያሳይ ይሁን።

ሦስተኛው መለኪያ ምክንያቱን መናገሩ ነው። «እጅህን እዚህ አድርግ» የሚል መጽሐፍ አንድ ነገር ያስተምራል፤ «እጅህን እዚህ የምታደርገው ባላጋራህ በዚህ በኩል መደገፊያ ስለሌለው ነው» የሚል ግን ዐሥር ነገር ያስተምራል። ሬንዞ ግሬሲና ጆን ዳናኸር በ2003 ዓ.ም. ያሳተሙት «ማስተሪንግ ጁጂትሱ» የትግሉን ታሪክና ሐሳብ ከአያያዙ ጋራ አጣምሮ ስለሚያስረዳ፣ አስተዋይ ለሆነና እንግሊዝኛ ለሚያነብ ወጣት ይጠቅማል። ከካኖ ጽሑፎች ተሰብስቦ በ1986 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ የታተመው «ኮዶካን ጁዶ»ም አወዳደቅንና የባላጋራን ሚዛን ማሳትን ከመሠረቱ ያስተምራል። በዚያም ውስጥ የካኖ ሁለት ዐበይት ሐሳቦች ይገኛሉ፤ አንደኛው ጕልበትን ሳያባክኑ በሚገባ መጠቀም፣ ሁለተኛው ተጋጣሚዎቹ አብረው መጠቀማቸው ነው። አንዱ ታጋይ ሌላውን ከጐዳው ነገ የሚማርበት ጓደኛ ያጣልና።

አራተኛው መለኪያ አደጋውን መግለጹ ነው። መቼ መልቀቅ እንደሚገባ፣ የትኛው አያያዝ በዝግታ ብቻ እንደሚሠራ፣ የትኛውስ ለልጅ እንደማይፈቀድ የማይናገር መጽሐፍ በቤትዎ አይግባ። በጥቂት ቀን ውስጥ የማይበገር ሰው አደርግሃለሁ የሚል ርእስ የለጠፈውም እንዲሁ ነው። የድጓ ተማሪ ስንት ዓመት እንደሚቀመጥ የሚያውቅ አገር በእንዲህ ያለ ተስፋ ሊታለል አይገባውም።

አምስተኛው ምክራችን መጽሐፍ አለማብዛት ነው። ለአንድ ዓመት አንድ መጽሐፍ ይበቃል። ልጁ ደብተር ይያዝ፤ በየሳምንቱ አንድ ነገር ብቻ መርጦ፣ ከመጽሐፉ በአማርኛ ገልብጦ፣ በራሱ አነጋገር ስም አውጥቶለት ይጻፍ። እረኞቻችን ጠልፎ መጣልን፣ አንሥቶ መጣልን፣ ወገብ መያዝን ከነስማቸው ያውቃሉ፤ አዲሱንም በሚያውቁት ስም ቢጠሩት አይረሱትም። ከጓደኛው ጋራ ከሠራው በኋላ ምን እንደ ሆነለትና ምን እንዳቃተው በዚያው ደብተር ይመዝግብ። በራሱ እጅ የጻፈው ይህ ደብተር በዓመቱ መጨረሻ ከገዛው መጽሐፍ ይልቅ ይጠቅመዋል።

አሁን የቀረው ከባዱ ጥያቄ ነው፤ መምህር በሌለበት ምን ይደረግ? ወገዳ ወይም አርብ ገበያ ተቀምጦ የጂዩ ጂትሱ መምህር መፈለግ ቀላል አይደለም። የእኛ ምክር እንዲህ ነው። መምህር እስኪገኝ ድረስ ከመጽሐፉ የሚሠራው አወዳደቅ፣ አቋቋም፣ ሚዛን መጠበቅና ከሥር ማምለጥ ብቻ ይሁን። የአንገትና የመገጣጠሚያ ምዕራፎች ይነበቡ እንጂ አይሠሩ። የሚለማመዱትም በድንጋያማ መሬት ላይ ሳይሆን፣ ከመከር በኋላ ጭድ በብዛት በተነሰነሰበት ቦታ ወይም ጭድ በሞላ ጆንያ ላይ ሸራ ተዘርግቶበት ይሁን። ሦስተኛ ሰው፣ ይኸውም የትምህርት ቤቱ የስፖርት መምህር ወይም በወጣትነቱ ጥሩ ታጋይ የነበረ የሰፈር ሽማግሌ፣ ቆሞ ይጠብቃቸው። ሽማግሌው ጂዩ ጂትሱ ላያውቅ ይችላል፤ ልጆች ከጨዋታ ወደ ቍጣ የሚያልፉባትን ቅጽበት ግን ከማንም ይልቅ ያውቃል። ልጁ ለትምህርት ወደ ከተማ ሲሄድ የታወቀ መምህር ቢያገኝ፣ የዘለላቸውን ምዕራፎች ይዞ ይቅረብ። ያን ጊዜ መጽሐፉ ዋጋውን ይከፍላል።

ሴት ልጅም ይህን ትምህርት ብትፈልግ ከልክሎ መመለስ አይገባም። ደካማው ከብርቱው እጅ የሚያመልጥበትን መንገድ መፈለግ ከጥበቡ ዋና ዐላማዎች አንዱ ነውና፣ የማምለጫ ምዕራፎች ከወንድሟ ይልቅ እርሷን ሊጠቅሙ ይችላሉ። ከእኅቷ ወይም ከሴት ጓደኛዋ ጋራ፣ በእናት ዐይን ፊት ትለማመድ።

ስለ ስልኩም ጥቂት እንበል። ተንቀሳቃሽ ሥዕል ከመጽሐፍ ይልቅ እንቅስቃሴውን ያሳያል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በስልክ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ሥርዐት የሌለው፣ መጨረሻው ከመጀመሪያው የቀደመ ነው። ስለዚህ መጽሐፉ የትምህርቱን መንገድ ይምራ፤ ስልኩ መጽሐፉ በዚያ ሳምንት የጠቀሰውን ብቻ እንዲያሳይ ይጠየቅ።

ውድ አንባቢዎቻችን፣ መጽሐፉን ከመግዛትዎ በፊት ከልጅዎ ጋራ ተቀምጠው አንድ ነገር ይጠይቁት። «ጓደኛህ መታ መታ ቢያደርግ ምን ታደርጋለህ?» ይበሉት። «ወዲያው እለቃለሁ» ብሎ ሳያመነታ ከመለሰ ይግዙለት፤ «እስኪሸነፍ እይዛለሁ» ካለ ግን መጽሐፉ ጥቂት ይቈይ። ጀርባ መሬት ሲነካ መልቀቅን ከአባቶቹ የተማረ ልጅ፣ እጅ መታ ሲያደርግ መልቀቅን ለመማር ሩቅ አይደለም። የትኛውም መጽሐፍ ከዚህ የሚበልጥ የመጀመሪያ ምዕራፍ የለውም።